ፊልሙ ነው ወይስ ቴሌቪዥኑ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሳይንሳዊ ልብወለድ ፊልምና የኮንሰርት ቅጂ በአንድ አምድ ምን አገናኛቸው ለሚል አንባቢ አንድ ስም ይበቃል፤ ጆርዳን ክሮነንዌት። በ1982 የወጣውን ‹ብሌድ ራነር› ያነሣው የካሜራ ባለሙያ እሱ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ለእይታ የበቃውን የ‹ቶኪንግ ሄድስ› ባንድ የኮንሰርት ፊልም፣ ‹ስቶፕ ሜኪንግ ሴንስ›ን ያነሣውም እሱው ነው። ጨለማውን ሳይፈራ ብርሃኑን የሚቆጥብ ዓይን ለሁለቱም ያስፈልጋል፤ ቤት ውስጥ የሚበላሹበትም ምክንያት ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። የደረሱን ደብዳቤዎችም በአብዛኛው ይህንኑ ያነሣሉ። ዓመታቱን የጻፍነው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ 55 ኢንች ቴሌቪዥን ገዛን። ኮንሰርት ስናይበት አዳራሹ ውስጥ የተቀመጥን ይመስለናል። የጠፈር ፊልም ስንከፍት ግን ተዋናዮቹ የዜና ስቱዲዮ ውስጥ የቆሙ፣ መርከቡም ከካርቶን የተሠራ ይመስላል። በድሮው ቴሌቪዥናችን እንዲህ አልነበረም። የተበላሸ ዕቃ ተሽጦልን ይሆን?
*መ. ተ.፣ ከአዳማ*

መልስ፦ ዕቃው ደህና ነው። ቴሌቪዥኑ ፋብሪካው እንዳዘዘው እየሠራ ነው፤ ለፊልም የማይሆነው ትእዛዙ ነው።

ፊልም የሚነሣው በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል ነው። ቴሌቪዥንዎ ግን ምስሉን በሰከንድ 50 ወይም 60 ጊዜ፣ አንዳንዱ ደግሞ 100 ወይም 120 ጊዜ ያድሳል። ክፍተቱን ለመሙላት በሁለት እውነተኛ ፍሬሞች መካከል ካሜራ ያላነሣውን ፍሬም ከራሱ ፈጥሮ ይሰካል። ኤልጂ ይህን ‹ትሩሞሽን› ይለዋል፣ ሶኒ ‹ሞሽንፍሎው›፣ ሳምሰንግ ‹ኦቶ ሞሽን ፕላስ› ወይም በአዳዲሶቹ ላይ ‹ፒክቸር ክላሪቲ›። ስሙ ይለያይ እንጂ ሥራው አንድ ነው፤ እንቅስቃሴ ማለስለስ።

ሳይንሳዊ ልብወለድ ከሌላው ፊልም ይልቅ የሚጎዳው በሁለት ምክንያት ነው። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የጠፈር መርከቦቹ በአብዛኛው ሞዴሎች ነበሩ። ካሜራው በሞተር ቀስ እያለ በሞዴሉ ፊት እያለፈ፣ እያንዳንዱ ፍሬም ረዘም ያለ ብርሃን እየተቀበለ ይነሣ ነበር። ከዚህ የሚመጣው ስስ ብዥታ ነው ትንሹን ሞዴል ትልቅና ከባድ የሚያስመስለው። ቴሌቪዥኑ ብዥታውን ሲያጠራው ሞዴሉ ሞዴል ሆኖ ይጋለጣል። ሁለተኛው ምክንያት ከዋክብቱ ናቸው። ጥቃቅን ነጥቦች ስለሆኑ የትኛው ወዴት እንደሄደ ለማሽኑ ይምታታበታል፤ በመርከቡ ጠርዝ ዙሪያ የሚንቀጠቀጥ ጥላ የሚያዩት ለዚህ ነው። በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጸ ኮንሰርት ግን ከመነሻው በሰከንድ 50 ወይም 60 እንቅስቃሴ ይዞ ስለሚመጣ ማሽኑ ብዙም የሚጨምርለት የለውም።

እንዲህ ያድርጉ። መጀመሪያ ፊልሙን ይክፈቱ፤ ማስተካከያው ለሚያዩት ነገር ብቻ የሚያዝበት ቴሌቪዥን ብዙ ነውና። በሪሞቱ ወደ ሴቲንግ፣ ከዚያ ወደ ፒክቸር ይግቡ። ‹ፊልምሜከር ሞድ› የሚል ካገኙ እሱን ይምረጡና ሌላውን ይተዉት፤ ከ2019 ወዲህ የተጀመረ ነው፣ የእንቅስቃሴ ማለስለሻውን ራሱ ያጠፋዋል። ከሌለ ‹ሲኒማ› ወይም ‹ሙቪ› የሚለውን ይምረጡና ከላይ የጠቀስናቸውን ስሞች ፈልገው ያጥፉ። ማጥፊያ ሳይኖረው ሁለት ተንሸራታች ብቻ ካለው ሁለቱንም ዜሮ ላይ ያድርጉ። የምስሉን ጠርዝ የሚያሾለው ‹ሻርፕነስ› በብዙዎቹ ወደ ዜሮ መውረድ አለበት፤ በሶኒ ግን ምንም የማይጨምረው ነጥብ መሐሉ፣ 50 ላይ ነው። የ‹ኖይዝ› ማጥፊያውን ዝጉት፤ በፊልም ላይ እንደ ደቃቅ አሸዋ የሚታየው የፊልሙ ገላ እንጂ ቆሻሻ አይደለም። የኤሌክትሪክ ቁጠባውንም ያጥፉ፣ ጨለማ ትዕይንቶችን ድቅድቅ ያደርጋቸዋል። የቀለሙን ሙቀት ‹ዋርም› ላይ ሲያደርጉት መጀመሪያ ቢጫ ቢጫ ይልብዎታል፤ ሦስት ቀን ይታገሡት፣ ከዚያ የድሮው ነው ሰማያዊ መስሎ የሚረብሽዎት።

አንድ ሰው ሁሉን አስተካክሎ በማግስቱ ተመልሶ ተበላሸ የሚለን ብዙ ጊዜ በመግቢያው ምክንያት ነው። ለሪሲቨሩ መግቢያ ያስተካከሉት ለፍላሹ ላይሠራ ይችላል። በእያንዳንዱ መግቢያ ላይ ይድገሙት።

ሁሉም ኮንሰርት በቪዲዮ የተቀረጸ እንዳይመስልዎት። ‹ስቶፕ ሜኪንግ ሴንስ› በፊልም፣ በ24 ፍሬም የተነሣ ነው። ዳይሬክተሩ ማርቲን ስኮርሴዚ በኅዳር 1976 ሳን ፍራንሲስኮ ዊንተርላንድ አዳራሽ በሰባት ባለ 35 ሚሊ ሜትር ካሜራዎች የቀረጸው ‹ዘ ላስት ዋልትዝ›ም እንደዚያው። እነዚህን እንደ ፊልም ይዩዋቸው፤ ማለስለሻው ሲበራ የመድረኩ መብራት ክብሩን ያጣል።

ከፍ ያለ ፍሬም በራሱ ጥፋት ነው ማለታችን ግን አይደለም። በ‹2001፡ ኤ ስፔስ ኦዲሲ› ፊልም ልዩ ምስሎች ላይ ከሠሩት ባለሙያዎች አንዱ ዳግላስ ትራምበል፣ ‹ሾውስካን› የተባለ በ70 ሚሊ ሜትር ፊልም በሰከንድ 60 ፍሬም የሚሠራ ዘዴ ፈጥሮ ዕድሜውን ሲሟገትለት ኖሯል። ካሜራ ያነሣው 60 እና ማሽን የፈበረከው 60 ግን አንድ አይደሉም።

ጥያቄ፦ ‹2001፡ ኤ ስፔስ ኦዲሲ› የተባለውን ፊልም ሁለት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። መጀመሪያ ላይ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሙዚቃ ብቻ ይሰማል፤ ፋይሉ የተበላሸ መሰለኝ። ካለፍኩት በኋላም የሚናገር ሰው ጠፋ። ይህን ያህል የሚወደሰው በእውነት ነው ወይስ ሰው ስለሚያወድሰው ብቻ?
*አንድ አንባቢ፣ ከባሕር ዳር*

መልስ፦ ፋይሉ ደህና ነው። ጥቁሩ ሦስት ደቂቃ ገደማ የመግቢያ ሙዚቃ ነው፤ በ1968 ሲኒማ ቤቶች መጋረጃው እንደተዘጋ፣ ሰው ቦታውን እየያዘ ሳለ የሚሰማ ነበር። የሙዚቃ ደራሲው የሊጌቲ ‹አትሞስፌር› ነው። ዘልለው ቢያልፉት አንፈርድብዎትም፣ ነገር ግን መብራቱን አጥፍተው ቢሰሙት ጆሮዎ ለሚመጣው ዝምታ ይዘጋጃል። የመጀመሪያው የሰው ንግግር የሚሰማው 25 ደቂቃ ገደማ ካለፈ በኋላ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሃያ ደቂቃዎችም ያለ ንግግር ያልፋሉ። ዳይሬክተሩ ስታንሊ ኩብሪክ ራሱ ከመጀመሪያዎቹ ማሳያዎች በኋላ 19 ደቂቃ ያህል ቆርጦ አውጥቶለታል፤ እርስዎ የጀመሩት ያጠረውን ነው።

የእኛ አስተያየት ግልጽ ነው፤ ውዳሴው ይገባዋል። ጠፈር ውስጥ አየር ስለሌለ ድምፅ የለም። ይህን እውነት አክብሮ ጠፈርተኛው ከመርከቡ ሲወጣ የራሱን ትንፋሽ ብቻ የሚያሰማ ፊልም እስከ ዛሬ ጥቂት ነው። የሚሽከረከረው የመርከቡ ክፍል የኮምፒውተር ሥራ አይደለም፤ 11.6 ሜትር ስፋት ያለው፣ በእውነት የሚዞር መንኮራኩር ተሠርቶለት ነው። ተዋናዩ ከታች ሲራመድ መንኮራኩሩ ከእግሩ ሥር ይዞራል።

ከምሽቱ አራት ሰዓት፣ ሥራ ውለው፣ ራት በልተው ከጀመሩት እንቅልፍ ያሸንፍዎታል። ቅዳሜ ከሰዓት ይጀምሩት፤ ከጀመረ አንድ ሰዓት ተኩል ሊሞላው ጥቂት ሲቀር ፊልሙ ራሱ ዕረፍት ይሰጣል፣ ያኔ ቡና ጠጥተው ይመለሱ። ከላይና ከታች ያለውን ጥቁር ለማጥፋትም ‹ዙም› አይጫኑ። ፊልሙ ቁመቱን 2.2 ጊዜ የሚሆን ስፋት አለው፤ ስክሪኑን ሞልቶ ይታይ ካሉ ከስፋቱ 19 በመቶው ከግራና ከቀኝ ይቆረጣል። ሁለቱ ጠፈርተኞች ግራና ቀኝ ሆነው ሲመክሩ የኮምፒውተሩ ቀይ ዓይን መሐል ላይ ሆኖ የሚያያቸውን ትዕይንት ያስቡት። የሚቆረጡት ሰዎቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ ‹ኢንተርስቴላር›ን ስናይ ንግግሩ አይሰማም፣ ድምፅ ስንጨምር ሞተሩና ኦርጋኑ ሕፃን ይቀሰቅሳል። ሙሉ ፊልም ሪሞት በእጅ ይዘን ነው የምናየው። ከዚያ የባሰው ደግሞ የኮንሰርት ዲስክ ላይ ድምፃዊው ጓዳ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል፤ ጭብጨባው ግን ቅርብ ነው። ቴሌቪዥኑ በብሉቱዝ ከስፒከር ጋር ተያይዟል።
*ወ/ሮ ሰ. ገ.፣ ከአዲስ አበባ*

መልስ፦ ወይዘሮ፣ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ተደራርበውብዎታል፤ አንድ በአንድ እንፍታቸው።

ለሲኒማ የሚቀናበር ድምፅ ትልቅ አዳራሽ ታስቦ ነው። በሲኒማው መለኪያ መሠረት የተራ ድምፅ ደረጃ 85 ዴሲቤል ገደማ ሆኖ፣ ፍንዳታው ከእያንዳንዱ ዋና ስፒከር እስከ 105 እንዲደርስ ይፈቀድለታል። ሳሎን ውስጥ የምንሰማው ግን 65 ወይም 70 ላይ ነው። ሁሉም አብሮ ሲወርድ ንግግሩ ከፍሪጁ ድምፅ በታች ይሰምጣል። ለዚህ ቤዝ መቀነስ ሳይሆን ‹ናይት ሞድ› ወይም ‹ዳይናሚክ ሬንጅ› የሚለውን ማብራት ነው መድኃኒቱ፤ ጩኸቱን ያወርዳል፣ ሹክሹክታውን ያነሣል።

ሁለተኛው መስመር ነው። በባለ ስድስት መስመር ድምፅ፣ 5.1 በሚባለው፣ ንግግር የሚመጣው ከመሐል ስፒከር ነው። ያለዎት ሁለት ስፒከር ሆኖ ማጫወቻው ስድስቱንም ሲልክ፣ መሐሉ በአግባቡ ካልተቀላቀለ ንግግሩ እንደ ጥላ ይቀራል፤ ሙዚቃው ብቻ ይጮኻል። በማጫወቻውም በቴሌቪዥኑም የድምፅ መውጫውን ‹ፒሲኤም› ወይም ‹ስቴሪዮ› ያድርጉት። ያኔ የመሐሉ ድምፅ በ3 ዴሲቤል ተቀንሶ ለግራና ለቀኝ ይከፋፈላል። የቤዙ መስመር አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ቅልቅል ውስጥ ስለማይገባ ነጎድጓዱ ይቀላል፤ ለጎረቤት ይህ በረከት ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም በ‹ኢንተርስቴላር› ውስጥ የማይሰሙ ጥቂት ንግግሮች ይቀራሉ። ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ኖላን ንግግሩን በሙዚቃና በሞተር ሥር የቀበረው ሆን ብሎ መሆኑን ራሱ ተናግሯል። እኛ በዚህ ከእሱ ጋር አንስማማም፤ የአዛውንቱ ፕሮፌሰር ኑዛዜ ቃል በቃል መሰማት ነበረበት። የትርጉም ጽሑፍ ከፍቶ ማየት አያሳፍርም።

የኮንሰርቱ ጉዳይ ሌላ ነው። ጥሩ የኮንሰርት ዲስኮች ሁለት የድምፅ አማራጭ አላቸው፤ 5.1 እና ስቴሪዮ። በ5.1 ውስጥ የኋላ ስፒከሮቹ የያዙት የታዳሚውን ድምፅና የአዳራሹን ማስተጋባት ነው። ያ ሁሉ ተጨምቆ ወደ ፊት ሁለት ስፒከሮች ሲመጣ ድምፃዊው ላይ ይከመራል፤ ጓዳ ውስጥ ያለ የመሰለዎት ለዚህ ነው። በዲስኩ ሜኑ ‹ስቴሪዮ› ወይም ‹ኤልፒሲኤም 2.0› የሚለውን ይምረጡ። እሱን ኢንጂነሩ ለሁለት ስፒከር ብሎ ለብቻው ያቀናበረው ነው፣ ጨማቂው ማሽን አይደርስበትም። ሁለት ስፒከር ላለው ሰው በዚህ ጽሑፍ ካለው ምክር ሁሉ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው።

ስፒከሮቹን ከመደርደሪያው ውስጥ ያውጧቸው። በመካከላቸው ሁለት ሜትር፣ ከእርስዎም ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሜትር ያህል ይሁን፤ ከግድግዳው ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቁ፣ ጥግ ላይ ሲሆኑ ቤዙ ይጎረብጣል። ቁመታቸው ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ጋር ይስተካከል።

ሦስተኛው ብሉቱዝ ነው። ድምፁን ከ150 እስከ 250 ሚሊ ሰከንድ ሊያዘገየው ይችላል። የአውሮፓ ብሮድካስተሮች ደንብ ድምፅ ከምስል ከ40 ሚሊ ሰከንድ በላይ እንዳይቀድም፣ ከ60 በላይ እንዳይዘገይ ይላል። መዘግየቱን ሰው የበለጠ የሚታገሠው ተፈጥሮም ስለምታዘገየው ነው፤ 34 ሜትር ርቆ የሚመታ ከበሮ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ዘግይቶ ይሰማል። ሳሎን ግን 34 ሜትር አይደለም። በቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ያለው የድምፅ ማስተካከያ ብዙ ጊዜ ድምፁን የበለጠ ማዘግየት እንጂ ማስቀደም አይችልም፤ ስለዚህ መፍትሔው ሽቦ ነው። ለመፈተሽ የድምፃዊውን ከንፈር ሳይሆን የድራም ተጫዋቹን ዱላ ይመልከቱ። ዱላው ሲያርፍና ሲመታ የሚሰማው ድምፅ አንድ ላይ ከሆኑ ጨርሰዋል።

ጥያቄ፦ ‹ብሌድ ራነር› አራት አምስት ዓይነት አለ ይላሉ። የትኛውን ልይ?
*ዮ. አ.፣ ከመቀሌ*

መልስ፦ የ2007ቱን፣ ‹ፋይናል ከት› የሚለውን፣ 117 ደቂቃ ነው። ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት ሙሉ ሥልጣን ኖሮት የጨረሰው እሱን ብቻ ነው። በ1982 አሜሪካ ሲኒማ ቤት የገባው ዋናው ተዋናይ እየተረከ የሚያስረዳበትና መጨረሻው ደስታ የሆነ ነው፤ በደስታው መጨረሻ ላይ የሚታዩት ተራሮች ከአየር የተነሡት ለኩብሪክ ‹ዘ ሻይኒንግ› ነበር፣ ትርፉ ነው የተሰጠው። የ1992ቱ ትረካውንም ያንን መጨረሻም አስወገደ። ከወደዱት በኋላ የ1982ቱን ለማነጻጸር ይዩት፤ ትረካ ምስልን እንዴት እንደሚያዳክም ከእሱ የተሻለ ትምህርት የለም።

ጥያቄ፦ ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ። ከውጭ የመጡ የኮንሰርት ዲቪዲዎችን ከፍቼ አብሬ ስጫወት ቅኝቱ አይገጥምልኝም፤ ከአንዱ ቁልፍ ከፍ፣ ከሚቀጥለው ዝቅ ይላል። ያው ሥራ በሲዲ ሲሰማ ይገጥማል። የድሮ የአገር ውስጥ ቪሲዲዎችም አሉኝ፤ እነሱ ይገጥማሉ፣ ምስላቸው ግን በአዲሱ ቴሌቪዥን አያስደስትም።
*ኪቦርዲስቱ፣ ከሐዋሳ*

መልስ፦ ጆሮዎ ልክ ነው። በ24 ፍሬም የተነሣ ኮንሰርት በሰከንድ 25 ፍሬም ወደሚሠራው የአውሮፓ ሥርዓት፣ ወደ ፓል፣ ሲገለበጥ ቀላሉ ዘዴ በፍጥነት ማሮጥ ነው። ፍጥነቱ በ4 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ቅኝቱም በአንድ ሙሉ ግማሽ ቃና ሳይሆን በግማሽ ቃና 0.7 ያህል ከፍ ይላል። በሁለት ቁልፍ መካከል የወደቀብዎት ለዚህ ነው። ማረጋገጫው ርዝመቱ ነው፤ 120 ደቂቃ የሚባለው ሥራ 115 ደቂቃ ሆኖ ካገኙት ሮጧል ማለት ነው። የአገራችን ቴሌቪዥንም ፓል ስለሆነ እዚህ በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጹት ከመጀመሪያው በ25 ናቸው፣ የሚሮጥ ነገር የላቸውም።

በኮምፒውተር ለማስተካከል ‹ቪኤልሲ› ማጫወቻን ይክፈቱ፤ በኦዲዮ ሴቲንግ ውስጥ ‹ታይም ስትሬችንግ› የሚለውን ምልክት ያንሡ፣ ከዚያ ፍጥነቱን 0.96 ያድርጉ። ምልክቱን ካላነሡት ፍጥነቱ ብቻ ወርዶ ቅኝቱ ባለበት ይቀራል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ለማነጻጸር ካሴት አይጠቀሙ፤ የካሴት ማጫወቻ ሞተር ሲያረጅ ወይም ቀበቶው ሲላላ ራሱ ቅኝት ይቀይራል።

የቪሲዲው ምስል የሚሻሻል አይደለም። ሙሉ ምስሉ 352 በ288 ነጥብ ብቻ ነው፤ ድምፁም ስለተጨመቀ የጸናጽሉ ጥራት ‹ሽሽሽ› ሆኖ ይቀራል። በትንሽ ስክሪን ወይም ራቅ ብለው ይዩት። አሁን ሊያደርጉት የሚገባው ዲስኩ ሳይሞት መቅዳት ነው። ከመሐል ወደ ጠርዝ፣ በክብ ሳይሆን በቀጥታ፣ በለስላሳ ጨርቅ ያጽዱት፤ ‹ኤምፔግኤቪ› የሚለውን ፎልደር ከፍተው ፋይሉን እንዳለ ወደ ሐርድ ዲስክ ይገልብጡ። ወደ ሌላ ፎርማት አይቀይሩት፤ የተጨመቀ እንደገና ሲጨመቅ የቀረችውንም ያጣል። አንዳንዶቹ የእነዚህ ሥራዎች ዋና ቅጂ ዛሬ የት እንዳለ የሚያውቅ የለምና እርስዎ ጋር ያለው ዲስክ የመጨረሻው ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የሠፈራችን የሙዚቃ ቡድን ኮንሰርቱን ለማስቀረት በሦስት ስልክና በአንድ የድምፅ መቅረጫ ቀረጸ። አሁን ስናቀናብረው ድምፁና ምስሉ አልገጥም አለ። መጀመሪያ ቢገጥም መጨረሻ ላይ ይለያያል። ደግሞም ከመድረኩ በስተጀርባ ያለው የኤልኢዲ ስክሪን በስልኩ ላይ ጥቁር መስመር እየሠራ ይወርዳል።
*የቡድኑ አባላት፣ ከደሴ*

መልስ፦ ያጋጠማችሁ ነገር ከእናንተ በፊት ትልቁን የጎስፔል ኮንሰርት ፊልም 46 ዓመት አስሮታል። አሪታ ፍራንክሊን በጥር 1972 በሎስ አንጀለስ አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለሁለት ምሽት ዘመረች፤ ዳይሬክተሩ ሲድኒ ፖላክ በብዙ ካሜራ ቀረጸው። ነገር ግን በየጥቅሉ መጀመሪያ ላይ በሁለት እንጨት የሚጨበጨበው ክላፐር አልተመታም። ምስልና ድምፅ የሚገናኙበት ምልክት ስለጠፋ አርታኢዎቹ ማገጣጠም አቃታቸው። አልበሙ በዚያው ዓመት ወጣ፣ ፊልሙ መጋዘን ገባ። በዲጂታል መሣሪያ ከተገጠመ በኋላም ዘፋኟ እንዳይታይ በፍርድ ቤት አገደችው፤ ‹አሜዚንግ ግሬስ› ለሕዝብ የቀረበው በ2018፣ እሷ ካረፈች በኋላ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ሁሉም ስልኮችና መቅረጫው ከበሩ በኋላ አንድ ሰው መድረክ መሐል ቆሞ ሁሉም እያዩት አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጎ ያጨብጭብ። ሲጨርሱም ሳያጠፉ ይድገም። በቅንብር ጊዜ የመጀመሪያውን ጭብጨባ ከመጀመሪያው፣ የመጨረሻውን ከመጨረሻው ማገናኘት ነው። የሁለቱ ርቀት ካልተመሳሰለ የመሣሪያዎቹ ሰዓት ልዩነት ነው፤ ከሚሊዮን በ20 ክፍል ብቻ የሚለያይ ሰዓት በአንድ ሰዓት ውስጥ 72 ሚሊ ሰከንድ ይፈጥራል፣ ይህም ዓይን የሚይዘው ነው። የድምፁን ርዝመት በጥቂቱ ስቡት፣ ወይም በየዘፈኑ መሐል ቆርጣችሁ እንደገና ግጠሙት። የባሰው ግን ስልክ ነው፤ አንዳንዱ ብርሃን ሲያንስ የፍሬሙን ቁጥር ራሱ ይቀንሳል። በካሜራው ሴቲንግ ፍሬሙ እንዳይለዋወጥ ቆልፉት።

ለጥቁሩ መስመር፦ የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ተራ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። በስልኩ ‹ፕሮ› ክፍል ወይም ካሜራ አፕሊኬሽን 25 ፍሬም፣ የሻተሩን ፍጥነት 1/50 አድርጉ። የኤልኢዲ ስክሪን ግን በራሱ ፍጥነት ስለሚያድስ በ1/50 ካልጠፋ 1/100ን ሞክሩ፤ ካልሆነ የካሜራውን አቅጣጫ ከስክሪኑ ማዞር ነው። ብርሃኑን የድምፃዊው ፊት ላይ ቆልፉ፣ አለዚያ ስፖት ላይቱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ፊቱ ይነጣል።

ድምፁን በስልክ አትመኑት። ስልክ ጸጥታ ሲሆን ራሱ ከፍ ያደርጋል፣ ከበሮ ሲመታ ዝቅ ያደርጋል፤ ውጤቱ የሚተነፍስ ድምፅ ነው። መቅረጫውን 48 ኪሎ ኸርዝ በ24 ቢት፣ ‹ዌቭ› ላይ አድርጉት፤ በሰዓት አንድ ጊጋ ባይት ገደማ ይወስዳል። በልምምድ ጊዜ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ 12 ዴሲቤል በታች እንዲቆም መጠኑን ወስኑና አትንኩት፤ በእውነተኛው ምሽት ሁሉም ከልምምዱ ከፍ አድርጎ ነው የሚጫወተው።

ከሚክሰሩ መስመር መውሰድ ከቻላችሁ ውሰዱ፣ ብቻውን ግን አይበቃም። በትንሽ አዳራሽ ድራሙና የጊታሩ አምፕ ያለ ማይክ ስለሚሰሙ ሚክሰሩ ውስጥ የሉም ማለት ይቻላል፤ ቅጂው ድምፃዊው ብቻውን ባዶ ክፍል ውስጥ የዘፈነ ይመስላል። መቅረጫውን ከመድረኩ ፊት ለፊት፣ ከሰው ራስ ከፍ አድርጋችሁ አቁሙና ሁለቱን ቀላቅሉ። መቅረጫው ከስፒከሮቹ 10 ሜትር ከራቀ 29 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያልና የሚክሰሩን ድምፅ በዚያው ልክ አዘግዩት፤ አለዚያ እያንዳንዱ ቃል ድርብ ይሆናል።

ለማሰራጨት ካሰባችሁ ከድምፃውያኑና ከተጫዋቾቹ የጽሑፍ ፈቃድ አስቀድማችሁ ውሰዱ። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት የከዋኙ፣ ማለትም የድምፃዊውና የተጫዋቹ፣ መብት ራሱን የቻለ ነው፤ መድረኩን ያዘጋጀ ሰው ‹እሺ› ስላለ ብቻ አይበቃም።

ጥያቄ፦ በአማርኛ የተሠራ ሳይንሳዊ ልብወለድ ፊልም አለ? የሚመከር የአዲስ አበባ ኮንሰርት ቅጂስ?
*ከዋሽንግተን አካባቢ የጻፉልን አባት*

መልስ፦ አለ፤ ‹ክራምብስ› በ2015 የወጣ፣ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ እዚሁ አገራችን የሠራው፣ 68 ደቂቃ ነው። ዋናውን ሰው ዳንኤል ታደሰ ይጫወተዋል። ሰማይ ላይ ዝም ብሎ የተንጠለጠለ የጠፈር መርከብ፣ ካለፈ ዘመን የቀሩ ተራ ዕቃዎች እንደ ቅርስ የሚከበሩበት ዓለም፣ ዳሎልን የመሰለ መሬት አለው። ታሪኩ ከምስሉ ያንሳል ብለን እናምናለን፤ ምስሉ ግን ሌላ አገር ሄዶ የሚሠራ አይደለም። በጨለማ ክፍል፣ ማለስለሻው ጠፍቶ ይዩት።

ከቅጂዎች ‹ኤቲዮፒክስ› ከሚባለው ተከታታይ 20ኛውን እንመክርዎታለን። የቦስተኑ የጃዝ ባንድ ‹አይዘር/ኦርኬስትራ› በ2004 አዲስ አበባ መድረክ ላይ ሲጫወት የተቀዳ ነው፤ ጌታቸው መኩሪያና ሙላቱ አስታጥቄ አብረውት አሉ። የጌታቸው ሳክስፎን ሲገባ የታዳሚው ድምፅ እንዴት እንደሚለወጥ ያዳምጡ።

ጥያቄ፦ የአማርኛ የትርጉም ጽሑፍ አውርጄ ስከፍት በፊደል ፈንታ ሣጥን ሣጥን ይወጣል። አንዳንዱ ደግሞ ይነበባል፣ ግን ንግግሩን ይቀድማል።
*ተማሪ፣ ከጅማ*

መልስ፦ ሣጥኑ የፊደል ቅርጽ እጥረት ነው። በ‹ቪኤልሲ› ሴቲንግ የሰብታይትሉን ፎንት ወደ ‹ኒያላ› ወይም ‹አቢሲኒካ› ይቀይሩ። ሣጥን ሳይሆን የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት ከሆነ ግን ችግሩ ፋይሉ የተቀመጠበት የፊደል ኮድ ነው፤ ፋይሉን በ‹ኖትፓድ› ከፍተው፣ አማርኛው በትክክል ከተነበበ፣ ‹ዩቲኤፍ-8› መርጠው እንደገና ያስቀምጡት። በፍላሽ ቴሌቪዥኑ ላይ ሲሰኩት ሣጥኑ ከተመለሰ ቴሌቪዥኑ የግዕዝ ፊደል የለውም፤ ፎንት መጨመር አይቻልምና ከላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ ገመድ ይዩ።

የሚቀድመውን ለማስተካከል መጀመሪያ ሁለት ቦታ ይፈትሹ፤ 5ኛው ደቂቃና 60ኛው ደቂቃ። በሁለቱም ቦታ ልዩነቱ እኩል ከሆነ ‹ኤች› የሚለውን ቁልፍ በመጫን ጽሑፉን ያዘግዩት፤ በአንድ ጊዜ 50 ሚሊ ሰከንድ ይሄዳል። ‹ጂ› ደግሞ ያስቀድመዋል። ልዩነቱ እያደገ ከሄደ ግን ጽሑፉ ለሮጠው የፓል ቅጂ የተሠራ ነው፤ በ60ኛው ደቂቃ ላይ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይቀድምዎታል። እሱን በቁልፍ መግፋት አይጨርሰውም። እንደ ‹ሰብታይትል ኤዲት› ባለ ነፃ ፕሮግራም ከፍተው የፍሬሙን ቁጥር ከ25 ወደ 23.976 ይቀይሩትና በሌላ ስም ያስቀምጡት፤ የመጀመሪያውን አያጥፉት፣ ሌላ ቅጂ ላይ ሊገጥም ይችላል።